በኮምፒውተር የታጨደ ስንዴ

እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ፣ ጋቢዬን እግሬ ላይ እንደጣልኩ፣ የሰው ማሳ ሙሉ ስንዴ አጭጄ አውቃለሁ። ማጭድ አልጨበጥኩም፤ ኮምባይነርም አልነዳሁም። አንዲት ቁልፍ ነው የተጫንኩት። ስንዴው ግን ማሳው ላይ፣ ባለበት፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነበር። እየሳቃችሁ ብትሰሙኝ አልቀየምም፤ እኔም ዘግይቼም ቢሆን ስቄበታለሁ።

ሮቤ ተወልጄ ሮቤ ያደግኩ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ውጤቴን ማወቅ የሚፈልግ መጀመሪያ የራሱን ይንገረኝ። የምሠራበት ድርጅት ትልቅ ነው። ምርጥ ዘር ያከፋፍላል፣ ትራክተር ያከራያል፣ በአጨዳ ጊዜ ደግሞ እነዚያን አስፋልቱን ሞልተው እየተንቀራፈፉ ከኋላቸው ያለውን ሚኒባስ ሁሉ የሚያስለቅሱ ኮምባይነሮች ያሰማራል። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። እኔ የሮቤ ቅርንጫፍ መረጃ ጸሐፊ ነኝ። የቀጠሩኝ ለጣቴ ነው፤ ስጽፍ እፈጥናለሁ። እናቴ ፍጥነት አትለውም፣ ችኮላ ነው የምትለው። ወጥ ሳይበስል አወጣለሁ፣ ሰው ሳይጨርስ እመልሳለሁ፣ ባጃጅ ሳይቆም እወርዳለሁ።

ድርጅቱ አንድ ይሁን እንጂ መረጃው የአንድ ድርጅት አይመስልም ነበር። የሮቤው በሦስት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል፤ ሦስቱም ፋይሎች «የመጨረሻው» ይባላሉ፣ ሦስቱም አይስማሙም። የጎሮው በቴሌግራም የሚመጣ ድምፅ ነው። የጎሮው ሠራተኛ በገበያ ቀን ከብት መሃል ቆሞ የደንበኛ ስም ይጠራልናል፤ እኛ ደግሞ የቱ ሰው የቱ በሬ እንደሆነ ለይተን እንጽፋለን። የብድሬው ቅርንጫፍ ደግሞ በር ነው። አዎ፣ በር። የመጋዘኑ የብረት በር ላይ በጠመኔ ነው የሚጻፈው። ፎቶ አንስታችሁ ላኩ ብንላቸው በሩ እንደተከፈተ አንስተውት ግማሹ ደንበኛ ከውስጥ ቀረ። የጎባው ግን መዝገብ ነው። ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነበር፤ ያበላሸሁትም እሱን ነው።

አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ከእንግዲህ የሁሉም ቅርንጫፍ መረጃ ወደ አንድ ማዕከላዊ ሲስተም ይገባል፤ ኮምባይነርም የሚታዘዘው በሲስተሙ ብቻ ነው፤ ሹፌር በስልኩ ትእዛዝ ካልደረሰው ሞተር አያስነሳም ይላል። ደብዳቤውን ተከትሎ ናትናኤል የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ መጥቶ ሮቤ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሁለት ቀን አሠለጠነን። ደግ ልጅ ነው፤ ብርዱ አፍንጫውን አቅልቶት ነበር። በሁለቱ ቀን ውስጥ «ዳታ ንጹሕ መሆን አለበት» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለው አልቆጠርኩም። ድግግሞሽ አይፈለግም። ቅጽል ስም አይፈለግም። የአንድ ሰው ስም ሁለት ቦታ ካለ ሲስተሙ ራሱ ያዋሕደዋል። ስም ከነአያት፣ ስልክ ቁጥርም ከተመሳሰለ፣ አንድ ሰው ነው ማለት ነው።

ይሄ ንጽሕና በጣም ገባኝ። ከሥልጠናው ቤት ገብቼ የእናቴን መደርደሪያ ማጽዳት ጀመርኩ። ቀይ ዱቄት በሁለት ዕቃ ተቀምጦ አገኘሁ፤ ድግግሞሽ ነው ብዬ አንድ ላይ ገለበጥኩት። አንዱ በርበሬ፣ አንዱ ሚጥሚጣ ነበር። የዚያን ሳምንት ወጥ አባቴ በእንባ ነው የበላው። ከዚህ መማር ነበረብኝ፤ ግን ቸኩዬ ነበር።

ጎባ የሄድኩት መዝገቡን ገልብጬ ወደ ሲስተሙ ላስገባ ነው። የመዝገቡ ባለቤት ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸዋል። በሁለት ሹራብ ላይ ካፖርት ደርበው ይቀመጣሉ። በዙሪያው ያለውን ገበሬ ከነአያቱ ያውቁታል፤ በሬው የታመመበትን ሳይቀር። መዝገቡን ስከፍተው ከእያንዳንዱ ስም ጎን በእስክሪብቶ የተሣለች ትንሽ ሥዕል አየሁ። አንዱ ጋ ጃንጥላ፣ አንዱ ጋ ድልድይ፣ አንዱ ጋ ፍየል፣ አንዱ ጋ ደግሞ ትልቅ ጆሮ።

«ጋሼ፣ ይሄ መዝገብ ነው ወይስ የሥዕል ደብተር?»

«አንቺ ልጅ፣ እሱን እንዳትነኪብኝ። እሱ ማለት እኮ...»

«ሲስተሙ ሥዕል አይቀበልም ጋሼ። ዳታ ንጹሕ መሆን አለበት።»

«ይሁን፣ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ...»

«ስጨርስ ይነግሩኛል!» አልኳቸው። ስጨርስ ባጃጅ መጥቶ ነበርና ሮጥኩ።

እኔ እንግዲህ ሽማግሌው ሥራ ሲፈቱ የሚጫጭሩት ነበር የመሰለኝ። ስሙን ጻፍኩ፣ ስልኩን ጻፍኩ፣ ሥዕሉን ተውኩ። በዚያ መዝገብ ውስጥ ከጎባ ወረድ ብሎ ያለ አንድ ቀበሌ አለ። እዚያ ኔትወርክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ያለው የኦቦ ጀማል ሱቅ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀበሌው ሰው ሁሉ ስልክ ሲጠየቅ የኦቦ ጀማልን ቁጥር ነው የሚሰጠው፤ ሲደወል ኦቦ ጀማል ወደ ቁልቁለቱ ይጮኻል፣ የተጠራው ሰው ይወጣል። እነሱ ዘንድ ምንም ችግር የሌለበት አሠራር ነው። በቀበሌው ሰባት መሐመድ ሁሴን አሊዪ እና ሦስት ፋጡማ አህመድ ኡመር አሉ። እኔ ሮቤ ተመልሼ «አዋሕድ» የሚለውን ስጫን ሲስተሙ ስሙን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ሰባቱን መሐመዶች አንድ መሐመድ፣ ሦስቱን ፋጡማዎች አንዲት ፋጡማ አደረጋቸው። «ጽዳቱ ተሳክቷል» አለኝ። ለራሴ ሻይ ጋበዝኩ።

ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደወለልንና «መሐመድ ሁሴን የሚባል ደንበኛችሁ በባሌ ትልቁ ገበሬ ሆኖ ተገኝቷል» ተባልን። በፍሬም የተሠራ የምስጋና ወረቀት ተላከለት። ወረቀቱን ይዞ የሄደው ሠራተኛ ሱቁ ጋ ደርሶ «መሐመድ ሁሴን አሊዪ የቱ ነው?» ቢል ሰባት ሰው ተነሳ። ሰባቱም በየተራ ወረቀቱን ይዘው ፎቶ ተነሱ። እኔ ፎቶውን አይቼ፣ ሰዎቹ ለጨዋታ ነው ብዬ ሳቅኩ። የእነሱም ነገር በደህና ነበር የሄደው፤ የሰባቱ መሬት ተደምሮ አንድ ትልቅ ትእዛዝ ሆነና ኮምባይነሩ እዚያው ሰነበተላቸው፣ እነሱም ተራውን በመካከላቸው ተከፋፈሉት። በፋጡማዎቹ ላይ ግን እንደዚያ አልሆነም።

አንድ ጠዋት አዴ ፋጡማ ቢሮ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ መሬታቸውን ብቻቸውን የሚያሳርሱ፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ዓይን ዓይን የሚያዩ ሴት ናቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ኮምባይነሩ መቼ ነው የሚመጣልኝ? ስንዴው ደርቆ ሊረግፍብኝ ነው።»

ስማቸውን ጻፍኩ። «አዴ፣ የእርስዎማ ታጭዷል።»

«ማን አጨደው?»

«ኮምባይነር ነዋ።»

«ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ ቆሞ ነው የተውኩት።»

«ሲስተሙ ባለፈው ሳምንት ታጭዷል ይላል።»

«ዱጋ? እውነትሽን ነው?» አሉና ከኮምፒውተሩ ጀርባ ዞረው አዩ። «እንግዲያ ምርቱን የት አገባው? ያሳየኝና ልውሰድ።»

ወላሂ እያሉ ማሉ። የዓመት ቀለባቸውም፣ ለሚቀጥለው ዘራቸውም፣ ያ አንድ ማሳ ነው። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ካገኘው ዛላው ላይ ይበቅላል፤ ከዚያ በኋላ ለዶሮም አይሆን። ዝናቡ ደግሞ ያለወቅቱ እየመጣ ነበር፤ በሳነቴ ተራራ በኩል ደመናው ከተቀመጠ ሁለት ቀን ሆኖታል። አዴ ፋጡማ በመስኮቱ አሳዩኝ። እኔም ተነስቼ ወደ አለቃዬ ክፍል ሮጥኩ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተስፋዬ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ዓይናቸው ካየው ይልቅ ወረቀት ያለውን ያምናሉ። «ሲስተሙ ታጭዷል ካለ፣ እኔ አልታጨደም ብዬ በምን እፈርማለሁ? ማስረጃ ያስፈልጋል» አሉ። ስንዴ ላለመታጨዱ ማስረጃ የሚሰጠው የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ብጠይቃቸው «አንቺ ደግሞ አፍሽ!» አሉኝ። በማግሥቱ አዴ ፋጡማ አንድ ነዶ የሚያህል ስንዴ ከነሥሩ ነቅለው መጡና የአቶ ተስፋዬ ጠረጴዛ ላይ፣ ልክ ኪቦርዱ ላይ አጋደሙት።

«ይኸው ማስረጃ። ማኅተም ካስፈለገም ሥሩ ላይ አፈር አለ።»

አቶ ተስፋዬ ስንዴውን አዩት፣ ስክሪኑን አዩት፣ ከኪቦርዱ ላይ አፈር አራገፉ። «እንግዲህ አዲስ አበባ ደውይ» አሉኝ።

ደወልኩ። ለናትናኤል ሁሉን ነገርኩት። «ተዋሕደው ነዋ» አለ ረጋ ብሎ። «ሲዋሐዱ የአንዷ ታጭዶ ከነበረ ሲስተሙ የሦስቱም ታጭዷል ይላል። መለያየት ይቻላል። ጥያቄ አስገቢ፤ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ይታያል።»

«ናቲ፣ ዝናብ እኮ የሥራ ቀን አይጠብቅም። ሳነቴ ላይ ደመናው ቆሟል!»

«ሳነቴ የትኛው ቅርንጫፍ ናት?»

«ተራራ ናት!» ብዬ ጮህኩበት። ኋላ ቆጨኝ፤ ልጁ ከቢሮው ሆኖ ደመና አይታየውም።

ጥያቄውን አስገባሁ፤ ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልበትም። አዴ ፋጡማን እንደ አዲስ ደንበኛ ልመዝግባቸው ብል ሲስተሙ «ይህ ደንበኛ አስቀድሞ አለ» አለ። በእኔ ስልክ ቁጥር ሞከርኩ፤ ያኔ ተቀበለኝና ከተራው ሁሉ መጨረሻ፣ ከብድሬ በር ሰዎችም በኋላ ወረወራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓል በመጣ ቁጥር «ውድ ደንበኛችን ፋጡማ» የሚል መልእክት በስልኬ ይደርሰኛል። እናቴ አንድ ቀን አንብባው ሃይማኖት የቀየርኩ መስሏት ማብራራት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

የቀረኝ ጎባ መሄድ ነበር። ጋሽ ዘውዴ ፊት ቆሜ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው መዝገቡን ከካፖርታቸው ሥር አወጡት፤ ለካ ሣጥን ውስጥ አያስቀምጡትም።

«ይቺ ጃንጥላዋ ናት» አሉ ጣታቸውን አስቀምጠው። «መጀመሪያ ስትመጣ ቀይ ጃንጥላ ይዛ ነበር። ባለፈው ሳምንት የታጨደላት እሷ ናት። ያንቺዋ ደግሞ ድልድይዋ ናት፤ ቤቷ ድልድዩ ሥር ነው። ሦስተኛዋ ባለፍየሏ ናት፤ እሷ ዘንድሮ ገብስ ነው የዘራችው።»

«ባለጆሮውስ?»

«አንዱ መሐመድ ነው። እሱ እንዳያየው ብቻ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ቆምሽልኝ? ገና አፌን ስከፍት አንቺ ባጃጅ ውስጥ ነበርሽ።»

 መዝገቡን ለብቻሽ አልሰጥሽም አሉ፤ ከነካፖርታቸው ባጃጅ ውስጥ ገቡና ወደ ቀበሌው ወረድን። ሳነቴ ላይ የነበረው ደመና አብሮን የወረደ ይመስል ነበር።

ኮምባይነሩ ከኮረብታው በታች የአንዱን መሐመድ ስንዴ እያጨደ አገኘነው። ሹፌሩ ከድር ሁለተኛ ደረጃ አብሮኝ የተማረ ነው። የአዴ ፋጡማ ማሳ ከዚያ በእግር ትንሽ ነው፤ ድንጋይ ብትወረውሩ ይደርሳል። «ከድሬ፣ ይቺን ብቻ እጨድላቸው» አልኩት።

«ትእዛዝ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያ ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው። ባለፈው ያለ ትእዛዝ ትንሽ ፈቀቅ ብል ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ፤ የቆምኩበትን ሁሉ ያያሉ። የተሰጠኝ የመሐመድ ሁሴን መሬት ነው፤ ልኩ ሲሞላ ወደ ጎሮ ነው የምሄደው።»

ሰባቱ መሐመዶች ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወደ ኮረብታው ወጣን። ሰላምታው ብቻውን ጊዜ ወሰደ፤ እኔን፣ እናቴን፣ አባቴን፣ የሮቤን ብርድ ሁሉ ጠየቁ፤ እኔም የመሐመድን ጤና ሰባት ጊዜ ጠየቅኩ፣ ስማቸው አንድ ስለሆነ የቱን እንደጨረስኩ እየጠፋኝ። ከዚያ እንደ ልማዴ ቀጥታ ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ የአዴ ፋጡማ ስንዴ በሲስተሙ ውስጥ ታጭዶ መሬት ላይ መቆሙን፣ ዛሬና ነገ ካላስገባነው እንደሚበላሽ።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ። ጆሮአቸውን ሳይ ማን እንደሆኑ ወዲያው አወቅኩ። ጋሽ ዘውዴ መዝገቡን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«የሚቀጥለው ተራ የኔ ነው» አሉ ኦቦ መሐመድ። «ለእሷ ይሁን።»

«ኦቦ፣ ቀጥታ ልንገርዎት» አልኳቸው። «ኮምባይነሩ የእሳቸውን ካጨደ ሲስተሙ የእርስዎን ታጭዷል ብሎ ነው የሚጽፈው። ነገ እርስዎም እንደሳቸው ነዶ ነቅለው ቢሮ ሊመጡ ይችላሉ።»

«እናንተ ሰባት ሰው አድርጋችሁኛል አይደል? የባሌ ትልቁ ገበሬ ብላችሁ ወረቀት ሰጥታችሁኛል» አሉና የሱቁን ግድግዳ አሳዩኝ፤ ፍሬሙ ከስኳሩ በላይ ተሰቅሏል። «ትልቁ ገበሬ ለጎረቤቱ አንድ ተራ ቢሰጥ ምን ይባላል?»

ስድስቱ መሐመዶች ሳቁ። ከእነሱ አንዱ ግን ወደ ኦቦ መሐመድ ዞሮ «የሷ ማሳ ዝቅ ያለ ነው፣ ውሃ ይተኛበታል፤ ያንተ ተዳፋት ነው፣ አንድ ሁለት ቀን ይችላል» አለ። ለካ ሲያስሉ ቆይተዋል። እኔ እዚያ ሳልደርስ፣ ሲስተሙ አምስት የሥራ ቀኑን ሳይጀምር፣ እነሱ በረንዳ ላይ የማን ስንዴ ስንት ቀን እንደሚችል ተነጋግረው ጨርሰዋል። የቀራቸው ሰው መጥቶ መጠየቅ ብቻ ነበር።

ለከድር የደረሰው ትእዛዝ «መሐመድ ሁሴን» የሚል ነው፤ መሐመድ ሁሴን ራሳቸው ደግሞ ቆመው እዚያ እጨድ አሉት። ማሽኑን አዞረ። አዴ ፋጡማ ከኮምባይነሩ ጎን ጎን እየሄዱ፣ የቀረች ዛላ እየለቀሙ፣ ከድርን በኦሮምኛ ይመርቁታል፤ ጥግ ሲስት ደግሞ ይረግሙታል። እኔ የማዳበሪያ ከረጢት አፍ ይዤ ቆምኩ። ሰባቱ መሐመዶች ተሸከሙ። ጋሽ ዘውዴ ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ መዝገቡን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ «እዚያ ጋ ቀረ! እዚያ ጋ!» እያሉ ከዳር ሆነው አሠሩን። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻው ማዳበሪያ ቤት ገባ። አዴ ፋጡማ በሩ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ እጄን ያዙና በአቧራ የተሞላ ጣቴን አገላብጠው አዩት።

«በዚህ ነው ያጨድሽብኝ?» አሉኝ። ሳቁብኝ። እኔም ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር።

ወደ ሮቤ ስመለስ ደስታዬ ግማሽ ነበር። ኦቦ መሐመድ ተራቸውን ሰጥተዋል፤ ሲስተሙም በዚያው ምሽት «ታጭዷል» ብሎባቸዋል። በማግሥቱ ቢሮ የገባሁት ናትናኤል ላይ ልጮህ ተዘጋጅቼ ነው። ኮምፒውተሩን ስከፍት ግን መልእክት ጠበቀኝ። ጥያቄዬን አስቸኳይ ብሎ አሳልፎታል። «ሦስቱ ፋጡማዎች ተለያይተዋል። የደንበኛዋ ስንዴ ያልታጨደ መሆኑ ተረጋግጧል። ኮምባይነር ታዝዟል።»

ከወንበሬ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። ያልታጨደ መሆኑ የተረጋገጠው ስንዴ ትናንት ቤት ገብቷል። ወዲያው ከድር ደወለ።

«ስሚ፣ የአዴ ፋጡማን ስንዴ እጨድ የሚል ትእዛዝ መጣልኝ። የቱን?»

«የኦቦ መሐመድን» አልኩት።

«ገባኝ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። በስልኩ ሰማሁት።

ዝናቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ እንደዚያ ያለ ዝናብ በዚያ ወር አይቼ አላውቅም። የቢሮአችን ቆርቆሮ የሚያወራ ሰው እንዳይሰማ አደረገ። አቶ ተስፋዬ ወረቀት ከሚያፈስበት ቦታ እያነሱ ናቸው። ናትናኤል ደወለ።

«ጥያቄሽን ልዝጋው? መሬት ላይ ያለውና ሲስተሙ ውስጥ ያለው ይገጥማል?»

ለመዋሸት ፍጥነት አያንሰኝም። ግን ሁሉንም ነገርኩት፤ የፋጡማ ስንዴ በመሐመድ ስም፣ የመሐመድ ስንዴ በፋጡማ ስም መታጨዱን፣ እንዲህ እንዲሆን ያደረግነው ማን ማን እንደሆንን።  

«ይሄ የሚሰማው ምንድነው?» አለ።

«ዝናብ ነው» አልኩና ስልኩን ወደ ጣራው ከፍ አድርጌ ያዝኩለት።

ወደ ጆሮዬ ስመልሰው የናትናኤል ድምፅ ዝቅ ብሏል። «ስንዴውስ?»

«ገብቷል።»

«የሁለቱም?»

«የሁለቱም።»

«እንግዲያው ሲስተሙ ልክ ነው» አለና ጥያቄዬን ዘጋው።